ካፒታል ዋን ፕላቲነም ሴኪዩርድ፦ የክሬዲት ታሪክ ለሌለው ወጣት ምን ያህል ይጠቅማል?

አሜሪካ ውስጥ ኑሮውን የሚጀምር ወጣት፣ ዲቪ ደርሶት ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የመጣም ይሁን እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ገና 18 ዓመት የሞላው፣ ሥራ ስላገኘና ገንዘብ ስለቆጠበ ብቻ በሩ ሁሉ አይከፈትለትም። ደመወዙ በየሁለት ሳምንቱ እየገባለት፣ የጥቂት ወራት የቤት ኪራይ ባንክ ውስጥ አስቀምጦ እንኳ አፓርታማ ለመከራየት ሲያመለክት የክሬዲት ታሪክ፣ ማለትም ከዚህ ቀደም የተበደረውን እንዴት እንደከፈለ የሚያሳይ መዝገብ፣ ስለሌለው ዋስ አምጣ ወይም ተጨማሪ ማስያዣ ክፈል ይባላል። መኪና በብድር ልግዛ ቢል ወይ ይከለከላል፣ ወይ ሌላው ከሚከፍለው እጅግ የሚበልጥ ወለድ ይጠየቃል። ችግሩ የሚጀምረው ደግሞ ታሪክ ከሌለህ ካርድ አንሰጥህም፣ ካርድ ከሌለህ ታሪክ አይኖርህም የሚል አዙሪት ውስጥ ሲገባ ነው።

ሴኪዩርድ የሚባሉት ካርዶች የተሠሩት ይህን አዙሪት ለመስበር ነው። ካርድ ሰጪው ባንክ የማያውቀውን ሰው ከማመኑ በፊት ማስያዣ ገንዘብ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ካርዱ እንደማንኛውም ክሬዲት ካርድ ይሠራል፣ አከፋፈሉም በየወሩ የሰውን የብድር አከፋፈል መዝግበው ለሚይዙት ለክሬዲት ቢሮዎች ሪፖርት ይደረጋል። ከእነዚህ ካርዶች መካከል በቅርብ የማውቃቸው በርካታ ወጣቶች የጀመሩበትንና ለሌሎችም ስመክር የቆየሁትን የካፒታል ዋን ባንክን ፕላቲነም ሴኪዩርድ እዚህ እገመግማለሁ። አስቀድሜ ፍርዴን ልናገር፦ ካርዱ ለጀማሪ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙ ያለው በሚገዛው ዕቃ ሳይሆን በየወሩ በሚጽፈው ሪፖርት ላይ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ወጣት እጅ ላይ ካርዱ ዕዳ ማምረቻ ይሆናል።

ከማስያዣው እንጀምር። ካርዱ ራሱ ዓመታዊ ክፍያ የለውም። አመልካቹ ሲፈቀድለት ባንኩ በራሱ ግምገማ 49፣ 99 ወይም 200 ዶላር እንዲያስይዝ ይወስናል፤ የትኛው እንደሚደርሰው አመልካቹ አይመርጥም። ሦስቱም ቢሆኑ የሚያስገኙት መነሻ የመጠቀሚያ ገደብ ቢያንስ 200 ዶላር ነው። ይህ ማለት 49 ዶላር የተጠየቀ ሰው ካስያዘው አራት እጥፍ ያህል መጠቀም ይችላል ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ሴኪዩርድ ካርዶች ግን ገደቡን ከማስያዣው ጋር እኩል ያደርጋሉ። ማስያዣውን በአንድ ጊዜ መክፈል የከበደው ከ20 ዶላር ጀምሮ እየከፋፈለ በ35 ቀን ውስጥ ማጠናቀቅ ይችላል። በቅርብ አገር የገባ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ለኪራይና ለአውቶቡስ የሚያብቃቃ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሚያቀልለት ያየ ያውቀዋል። አቅም ያለው ደግሞ ሂሳቡ ከመከፈቱ በፊት ተጨማሪ አስይዞ ገደቡን እስከ 1,000 ዶላር ማድረስ ይችላል፤ ለምን ይህን ማድረግ እንደሚያዋጣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ደጋግሜ ያየሁትን የተሳሳተ ግንዛቤ ማንሳት አለብኝ። አንዳንድ ወጣቶች ማስያዣውን እንደ ቅድመ ክፍያ ይቆጥሩታል። «200 ዶላሬ እነሱ ዘንድ ስላለ ከዚያ ላይ ይቁረጡ» ብለው የመጀመሪያውን ወር ሳይከፍሉ ያሳልፋሉ። ማስያዣው ግን የወሩን ሂሳብ አይከፍልም። የተቀመጠው ባለቤቱ ጨርሶ መክፈል አቅቶት ሂሳቡ ቢዘጋ ዕዳው እንዲሸፈንበት ነው። የወሩ ሂሳብ ከራሱ ከወጣቱ የባንክ ሂሳብ በየወሩ መከፈል አለበት፤ ካልተከፈለ ማስያዣው ሳይነካ መቀጫውም፣ ወለዱም፣ መጥፎው ሪፖርትም ይመጣል።

በእኛ ማኅበረሰብ ዕቁብ የጣለ ሰው የዚህን ካርድ ሥርዓት በቀላሉ ይረዳዋል። ዕቁብ ውስጥ አንድ ሰው የሚታመነው ስለ ገቢው በሚናገረው ሳይሆን ቀኑ ሲደርስ ድርሻውን ይዞ በመገኘቱ ነው፤ ዳኛውና ጸሐፊው የሚያዩት ይህን ነው፣ ገና ያልተፈተነ አባልም ዕጣው ሲወጣለት ዋስ ይጠራል። የክሬዲት ሥርዓቱም ከዚህ የተለየ ነገር አይለካም። የሚያሳዝነው ግን በዋሽንግተን ዙሪያ በየሳምንቱ ዕቁቡን አንድ ቀን ሳያሳልፍ የሚጥል፣ በወዳጆቹ ዘንድ እንደ ወርቅ የሚታመን ሰው በክሬዲት ቢሮዎች መዝገብ ላይ ከናካቴው አለመኖሩ ነው። ዕቁብ ለቢሮዎቹ ሪፖርት አይደረግም፤ አብዛኛው የቤት ኪራይና የስልክ ክፍያም በራሱ አይመዘገብም። ስለዚህ ያ ታማኝነት በሌላ መንገድ መጻፍ አለበት፤ የዚህ ካርድ ዋና አገልግሎት ይህ ነው።

የክሬዲት ሥርዓቱ ጸሐፊዎች ሦስት ቢሮዎች ናቸው፦ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን። ካፒታል ዋን ለሦስቱም ሪፖርት ያደርጋል፤ ማንኛውንም ጀማሪ ካርድ ከመውሰድ በፊት መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው፤ ለሦስቱም የማያሳውቅ ካርድ የልፋቱን ግማሽ ያስቀራልና። ከሦስቱ መዝገብ ተነስቶ ነጥብ የሚያወጣው በአብዛኛው ፊኮ የተባለው ስሌት ነው። ነጥቡ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 35 በመቶው በሰዓቱ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ካለው ዕዳና ከተፈቀደው ገደብ ምን ያህሉ እንደተያዘ፣ 15 በመቶው ከታሪኩ ርዝመት፣ ቀሪው ደግሞ እኩል በእኩል ከአዳዲስ ማመልከቻዎችና ከብድር ዓይነቶች ስብጥር ይመጣል። የፊኮ ነጥብ ለመውጣት ቢያንስ አንድ ሂሳብ ስድስት ወር ሊሞላው ይገባል። በሁለተኛው ወር ነጥቡን ፈልጎ ያጣ ወጣት ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ ገና ጊዜው አልደረሰም።

የዚህ ካርድ ትልቁ ድካም የሚታየው በ30 በመቶው ላይ ነው። የ200 ዶላር ገደብ በጣም ትንሽ ነው። በተለምዶ ከገደቡ ከ30 በመቶ በላይ አለመያዝ ይመከራል፤ ነጥባቸው ከፍ ያለ ሰዎች ደግሞ የሚይዙት ከ10 በመቶ በታች ነው። የ200 ዶላር 30 በመቶ 60 ዶላር ብቻ ነው። መኪናውን አንዴ ነዳጅ ሞልቶ፣ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ፣ በርበሬና ቅቤ የገዛ ልጅ በአንድ ቅዳሜ ከዚያ ያልፋል። ገንዘቡ አለው፣ ሊከፍለውም አስቧል፣ ነገር ግን ሪፖርቱ ላይ የሚታየው ገደቡን ሊጨርስ የተቃረበ ሰው ነው።

መፍትሔው ሁለት ቀኖችን ለይቶ ማወቅ ነው፤ ካርድ ከያዙት ወጣቶች ብዙዎቹ የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነው። አንደኛው የወሩ ሂሳብ የሚዘጋበትና ስቴትመንቱ፣ ማለትም የወሩ የሂሳብ መግለጫ፣ የሚወጣበት ቀን ነው። ሁለተኛው የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ነው፤ በካፒታል ዋን ካርዶች ይህ ሂሳቡ ከተዘጋ ቢያንስ ከ25 ቀን በኋላ ነው። ለክሬዲት ቢሮዎቹ የሚላከው ቁጥር በተለምዶ በመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ በወሩ ውስጥ 140 ዶላር የተጠቀመ ሰው ዝም ብሎ ስቴትመንቱን ቢጠብቅና ከዚያ በኋላ ሙሉውን ቢከፍል፣ ወለድ ባይከፍልም ሪፖርቱ ላይ የገደቡን 70 በመቶ ይዞ ይታያል። ሂሳቡ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ 120 ዶላር ቢከፍልና 20 ዶላር ብቻ ቢቀር ግን 10 በመቶ ብቻ ይዞ ይታያል። ያው ሰው፣ ያው ወጪ፣ ያው ገንዘብ ነው፤ የተለወጠው የተከፈለበት ቀን ብቻ ነው። በማስያዣው ላይ ጨምሮ ገደቡን 500 ወይም 1,000 ማድረስ ያዋጣል ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ገደቡ ሲሰፋ ያው የሳምንት አስቤዛ ትንሽ መቶኛ ይሆናል። ደግነቱ በአብዛኛው በሥራ ላይ ባሉት የፊኮ ስሌቶች ይህ የአጠቃቀም መጠን ትዝታ የለውም፤ አንድ ወር ከፍ ቢልም በሚቀጥለው ወር ሲወርድ ነጥቡም ይመለሳል።

የዘገየ ክፍያ ግን እንዲህ በቀላሉ አይረሳም። ከመጨረሻው ቀን አንድ ቀን ያሳለፈ ሰው መቀጫ ሊከፍል ይችላል፤ ለክሬዲት ቢሮ የሚተላለፈው ግን 30 ቀን ሲያልፈው ነው። ከተላለፈ በኋላ ለሰባት ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል። ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሳተ ልጅ ወደ ሠላሳው ሲጠጋም ያ ስህተት ይከተለዋል ማለት ነው። ስለዚህ ካርዱ ፖስታ ሳጥን ውስጥ በደረሰ ቀን፣ ገና አንድ ነገር ሳይገዛበት፣ ሂሳቡን በየወሩ በራሱ የሚከፍለው አውቶፔይ መከፈት አለበት እላለሁ። ሲከፈትም መተግበሪያው ዝቅተኛውን ክፍያ ወይም የስቴትመንቱን ሙሉ ሂሳብ ለመክፈል ያስመርጣል፤ የሚመረጠው ሙሉው ነው። በተለይ ለክረምት ዕረፍት ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ አገር ቤት ሄደው ሁለትና ሦስት ወር የሚቆዩ ወጣቶች ከመነሳታቸው በፊት ይህን ቢያረጋግጡ፣ በሚከፈልበት የባንክ ሂሳብም በቂ ገንዘብ ቢተዉ፣ ሲመለሱ ከሚጠብቃቸው ሐዘን ይድናሉ።

ስቴትመንቱን አንድ ጊዜ ከፍቶ በጥሞና ማየት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ከላይ ሦስት ቁጥሮች ተደርድረዋል፦ ሙሉው ሂሳብ፣ ዝቅተኛው ክፍያና የመክፈያው ቀን። በሁለተኛው ቁጥር ብዙ ወጣቶች ይታለላሉ። 200 ዶላር ዕዳ ላይ «25 ዶላር» የሚል ተጽፎ ሲታይ 25 ዶላር ብቻ የሚፈለግ ይመስላል፤ መክፈልም ቀላል ነው፣ በሰዓቱ ከተከፈለም የዘገየ ተብሎ አይመዘገብም። ነገር ግን ቀሪው ላይ ወለድ መቁጠር ይጀምራል፣ የዚህ ካርድ ወለድ ደግሞ በዓመት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ከባድ ወለድ ነው። ገደቡ አድጎ 1,000 ዶላር ዕዳ የያዘ ሰው እናስብ፤ ወለዱን 29 በመቶ ብለን ብናሰላ የአንድ ወሩ ወለድ ብቻ 24 ዶላር ያህል ነው። የካፒታል ዋን ዝቅተኛ ክፍያ የሚሰላው በ25 ዶላር ወይም ከዕዳው አንድ በመቶ ላይ ወለዱ ሲደመር፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ነው፤ በዚህ ምሳሌ 34 ዶላር ያህል ይመጣል። ከ34 ዶላሩ 24ቱ ለወለድ ሄዶ ዕዳውን የሚቀንሰው 10 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ዕዳው በዓመታት እንጂ በወራት አያልቅም።

ይህን የሚያሳይ ሣጥን ስቴትመንቱ ላይ አለ፤ ዝቅተኛውን ብቻ ብትከፍል ዕዳው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅና በጠቅላላው ስንት እንደሚያስወጣህ፣ በሦስት ዓመት ለመጨረስ ደግሞ በየወሩ ስንት መክፈል እንዳለብህ በቁጥር ይነግርሃል። ባንኮቹ ይህን የሚጽፉት በፈቃዳቸው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ኮንግረስ ባወጣው የካርድ ሕግ ተገደው ነው። ያው ሕግ ስቴትመንቱ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲላክ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አመልካችም ራሱን የቻለ ገቢ ወይም አብሮ የሚፈርም ዋስ እንዲያሳይ ያዛል። ከሕጉ በፊት ኮሌጅ ቅጥር ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው በነፃ ካናቴራ ተማሪዎችን ካርድ ያስሞሉ የነበሩ ባንኮች ያን ዓይነቱን ስጦታም እንዲተዉ ተደርጓል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ እየተማረ ማታ ማታ በመኪና ማቆሚያ ወይም በቡና ቤት የሚሠራ የ19 ዓመት ልጅ ግን ገቢው የራሱ ስለሆነ በራሱ ስም ማመልከት ይችላል፤ ባንኩ ገቢውን ከቤት ኪራዩ ጋር አመዛዝኖ ይወስናል።

ከሙስሊም ወጣቶች ዘንድ ስለ ወለድ የሚነሳውን ጥያቄም አከብረዋለሁ። የስቴትመንቱን ሙሉ ሂሳብ በየወሩ በቀኑ የሚከፍል ሰው በግዢው ላይ ወለድ አይከፍልም። ውሉ ውስጥ ወለድን የሚፈቅድ አንቀጽ መኖሩ ግን አይቀርም፤ ይህ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን እያንዳንዱ ከሚያምነው ዓሊም ጋር ተመካክሮ ቢወስን መልካም ነው።

ካርዱ ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ጨርሶ አይሁን። ከኤቲኤም በክሬዲት ካርድ የወጣ ገንዘብ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ያለ ምንም የዕፎይታ ጊዜ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ይበልጥ የሚታለሉት ግን አገር ቤት ገንዘብ ሲልኩ ነው። በስልክ መተግበሪያ ለእናቱ 150 ዶላር የሚልክ ልጅ መክፈያውን ክሬዲት ካርድ ሲያደርግ ዕቃ እንደገዛ ይመስለዋል፤ ካርድ ሰጪዎች ግን እንዲህ ያለውን ዝውውር ብዙ ጊዜ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ከዴቢት ካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ ሂሳብ ይውጣ። ይህን ለማንኛውም አዲስ መጤ ዘመድ በመጀመሪያው ሳምንት መንገር የታላላቆች ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የእኛ ችግር ይሉኝታ ነው። «ካርድህን አንዴ ስጠኝ፣ ዓርብ ደመወዝ ሲገባ እመልስልሃለሁ» የሚል ጓደኛን እምቢ ማለት ይከብዳል። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ የሚወጣው ወጪም በድንገት ይመጣል፤ እምቢ ያለ እንደ ክፉ ይታያል። ነገር ግን ጓደኛው ዓርብ ባይመልስ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው የጓደኛው ስም አይደለም። መርዳት የፈለገ ሰው በእጁ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ቢሰጥ ይሻላል፤ ያ ገንዘብ ባይመለስ እንኳ ጉዳቱ እዚያው ያበቃል። ለመኪና ብድር አብሮ መፈረምማ ከዚህም ይከብዳል፤ ገና አንድ ካርድ የያዘ ወጣት ታሪኩን ሳያጠናክር የሌላን ሰው የአምስት ዓመት ዕዳ መሸከም የለበትም።

ወደ ካርዱ ልመለስ። ባንኩ ከስድስት ወር ጀምሮ ሂሳቡን በራሱ ገምግሞ ያለ ተጨማሪ ማስያዣ ገደቡን ሊያሳድግ ይችላል፤ አጠቃቀሙ መልካም ከሆነም ማስያዣውን በሂሳቡ ላይ ገቢ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ከካርዱ መልካም ጎኖች አንዱ ነው፣ ምክንያቱም ባለቤቱ ካርዱን ዘግቶ ሌላ መክፈት ሳያስፈልገው ያው ሂሳብ ከነዕድሜው ይቀጥላል፤ የታሪክ ርዝመት ደግሞ ከነጥቡ 15 በመቶውን እንደያዘ አይተናል። «ሊያሳድግ ይችላል» ማለት ግን ያሳድጋል ማለት አይደለም። የመጨረሻው ውሳኔ የባንኩ ነውና ማስያዣውን በዚህ ወር ይመለሳል ብሎ ለኪራይ ያቀደ ሰው ሊቸገር ይችላል። ማስተርካርድ በመሆኑ በብዙ አገር ይሠራል፣ ከአሜሪካ ውጭ ሲጠቀሙበትም የውጭ ግብይት ክፍያ አይጨምርም፤ አዲስ አበባ ሆቴል ለሚያርፍ ወይም አውሮፓ ትራንዚት ለሚያደርግ ይህ ጠቃሚ ነው።

የጎደለው ነገር የገንዘብ ተመላሽ ነው፤ ፕላቲነም ሴኪዩርድ በሚገዛው ነገር ላይ ምንም አይመልስም። ያው ባንክ ኩዊክሲልቨር ሴኪዩርድ የሚባል ካርድ አለው፤ ቢያንስ 200 ዶላር ያስይዛል፣ ዓመታዊ ክፍያም የለውም፣ በእያንዳንዱ ግዢ 1.5 በመቶ ይመልሳል። በአንድ ጊዜ 200 ዶላር ማስያዝ ለሚችል ሰው የተሻለው እሱ ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ፕላቲነሙን የምመክረው ለዚያ ገንዘብ ለሌለው፣ 49 ወይም 99 ዶላር ሊደርሰው ለሚችለው ነው። ልዩነቱ ግን ያን ያህል አያሳስብ፤ በወር 100 ዶላር የሚጠቀም ልጅ ከ1.5 በመቶ የሚያገኘው በዓመት 18 ዶላር ነው፣ ተመላሹን ለማብዛት ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ የገዛ ደግሞ ያንን 18 ዶላር በጥቂት ወራት ወለድ ሊያጣው ይችላል። ከማመልከት በፊት ባንኩ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ቅድመ ማጣሪያ መሙላት ይገባል፤ ያ ነጥብን አይነካም፣ ሙሉው ማመልከቻ ግን እንደ ጥያቄ ተመዝግቦ ሁለት ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል። በአንድ ሳምንት አምስት ቦታ ማመልከት ጀማሪን ይጎዳል።

ከካርዱ ሌላ መንገዶችም አሉ። የተፈተነ ታሪክ ያለው እናት ወይም አባት ልጁን በራሱ ካርድ ላይ ተጠቃሚ አድርጎ ቢያስመዘግበው የዚያ ካርድ ታሪክ ልጁ ሪፖርት ላይ ሊገባ ይችላል። ይህ በጣም ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ግን የወላጁ ካርድ ገደቡ ድረስ የተሞላ ወይም ክፍያው የዘገየበት ከሆነ ያው ጉዳት ለልጁ ይተላለፋል። በተጨማሪም ብዙ ወላጆቻችን ዕዳ ስለሚፈሩ ሁሉን ነገር በጥሬ ገንዘብ ሲገዙ የኖሩ ናቸው፤ ሊያካፍሉት የሚችሉት ታሪክ የላቸውም። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ልጁ በራሱ ስም ሴኪዩርድ ካርድ ቢጀምር ይሻላል። አንዳንድ ክሬዲት ዩኒየኖች (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋማት) ደግሞ ክሬዲት ለመገንባት ብቻ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር አላቸው፤ ገንዘቡ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ተበዳሪው በየወሩ ይከፍላል፣ ሲጨርስ ይወስደዋል። ክሬዲት ካርድ በእጁ ካለ ራሱን መግታት እንደማይችል የሚያውቅ ሰው ይህን ቢመርጥ አስተዋይነት ነው።

ካርዱ ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፤ መዝገቡን ራሱን ማየት። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በተባለው ድረ ገጽ የሦስቱንም ቢሮዎች ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማውጣት ይቻላል። ይህ ለሁሉም ጠቃሚ ቢሆንም ለኢትዮጵያዊ ግን ግድ ነው እላለሁ። የአባታችን ስም እዚህ እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ ተስፋዬ የሚለው ስም አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ «ኤፍ»፣ ሌላው ላይ በሁለት ተጽፎ ይገኛል፤ የአያት ስም አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይቀራል። የልደት ቀንም ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲመለስ ከሰነድ ሰነድ ሊለያይ ይችላል። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ታሪክ ለሁለት ሊከፈል፣ ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው የሌላ ሰው ዕዳ ሊቀላቀልበት ይችላል። ስለዚህ ካርዱ ሲጠየቅ ስሙ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ይሞላ። ስህተት ከተገኘም ለቢሮው በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል፤ ሕጉ በመደበኛው አሠራር በ30 ቀን ውስጥ እንዲያጣሩ ያስገድዳቸዋል፤ ለዚህ ደግሞ ለማንም «ክሬዲት አስተካካይ» ነኝ ባይ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ስለዚህ ካርዱን ለማን እመክራለሁ? የራሱ ገቢ ላለው፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ማስያዝ ለማይችል፣ በወር አንድና ሁለት ቋሚ ነገሮችን ብቻ፣ ለምሳሌ የስልክ ሂሳቡንና ነዳጁን፣ በካርዱ ለመክፈል ለተዘጋጀ ወጣት። ከዚህ ቀደም የጀመረው ዕዳ ላለበትና ይህን ካርድ ያንን ለመሸፈን ላሰበ ሰው ግን አልመክርም፤ ወደ 30 በመቶ በሚጠጋ ወለድ ሌላ ዕዳ መክፈል አያዋጣም። ካርዱን ወስዶ ገደቡ ያደገለት ደግሞ ሌላ የተሻለ ካርድ ቢያገኝም ይህኛውን አይዝጋው። ዓመታዊ ክፍያ ስለሌለው ማቆየቱ ምንም አያስወጣውም፤ በየጥቂት ወሩ አንድ ትንሽ ነገር ገዝቶበት በአውቶፔይ ቢያስከፍለው ሂሳቡ ሳይዘጋ ይቆያል።